በረት የገባን አውሬ ማጥመድ፦ ሙያውና ኃላፊነቱ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ከሐረጎ ተዳፋት እስከ ይጎፍ ደን ግርጌ ባሉ መንደሮች፣ በግ ወይም ፍየል ሌሊት በአውሬ መበላቱ አዲስ ነገር አይደለም። ጠዋት በረቱ ፈርሶ ሲገኝ የቤቱ ሰው የመጀመሪያ ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ጅብ ነው» የሚል ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ወጥመድ፣ መርዝ ወይም ጠመንጃ ያለው ሰው ፍለጋ ነው። በሁለቱ መካከል መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ፣ ማለትም በጉን የበላው በእርግጥ የትኛው እንስሳ ነው የሚለው፣ ሳይጠየቅ ይታለፋል። አውሬን በማጥመድና በመግደል ጉዳይ ሙያና ሥነ ምግባር ተለያይተው አይሄዱም። አጥፊውን ከሌላው መለየት የማይችል፣ ያጠመደውን በጊዜ ሄዶ የማያይ፣ የያዘውን ሳያሰቃይ መጨረስ የማይችል ሰው ሙያው ስለጎደለው ብቻ እንስሳውንም ጎረቤቱንም ይበድላል፤ በደሉ የሚመነጨው ከክፋቱ ሳይሆን ካለማወቁ ቢሆንም ለተበደለው ልዩነት የለውም።

ምርመራው ከበድኑ ይጀምራል። በድኑ በማለዳ፣ ውሾችና አሞሮች ሳይደርሱበት፣ ካለበት ሳይነሳ መታየት አለበት። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከብቱ በድንገት ሞቶ፣ በፍጥነት ተነፍቶ፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣ ከሆነ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ቢላዋ አይነካውም፣ አይገፈፍም፣ አይበላም፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል። ይህ ምልክት ከሌለ ደግሞ የተሳለ ቢላዋ ይዞ፣ እጅን በጓንት ሸፍኖ፣ የንክሻ ምልክት ባለበት ቦታ፣ በተለይም በጉሮሮና በማጅራት ላይ፣ ቆዳውን ቀስ ብሎ መግፈፍ ነው። ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ጠቁሮና ደም ቋጥሮ ከተገኘ እንስሳው በተነከሰ ጊዜ ልቡ ይመታ ነበር ማለት ነው። የጥርስ ቀዳዳ እያለ ከሥሩ ያለው ሥጋ ደም ሳይቋጥር ንጹሕ ሆኖ ከታየ ግን የተነከሰው ከሞተ በኋላ ነው። በበሽታ፣ በሆድ መነፋት ወይም በምጥ የሞተን በግ ጅብ ካገኘው መብላቱ አይቀርም። ይህን ሳያጣራ ጅቡን የገደለ ሰው፣ በጉን የገደለውን በሽታ በረቱ ውስጥ ትቶ ጠላቱን ያጠፋ መስሎት ተዘናግቶ ያድራል።

በሕይወት ሳለ የተነከሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ የንክሻው ቦታና የአበላሉ ሁኔታ አጥፊውን ይጠቁማል። ነብር ጉሮሮ ወይም ማጅራት ነክሶ አንቆ ስለሚገድል፣ በአንገቱ ላይ ጥልቅ የክራንቻ ቀዳዳዎች፣ በትከሻና በጎን ላይ ደግሞ የጥፍር ጭረት ይተዋል፤ ብዙ ጊዜም የገደለውን ጎትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ወይም ዛፍ ላይ ያኖረዋል። ጅብ በዚህ መንገድ አንቆ አይገድልም። ከጎን፣ ከሆድና ከታፋ እየቦጨቀ፣ እንስሳው ነፍሱ ሳይወጣ መብላት ይጀምራል፤ መንጋጋው አጥንት ስለሚሰባብርም ጠዋት የሚገኘው ፈርሱ፣ ደም የነካው መሬትና ቁራጭ ቆዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀበሮ የሚደፍረው በአብዛኛው ግልገልን ሲሆን የጥርሱ ቀዳዳዎች ትናንሽና የተጠጋጉ ናቸው። ብዙ በጎች በአንድ ሌሊት እግራቸው፣ ጆሯቸውና ታፋቸው ተዘነጣጥሎ፣ ሥጋቸው ግን እምብዛም ሳይበላ ከተገኙ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሻ ነው። ቀን ታስረው ሌሊት የሚለቀቁ የጎረቤት ውሾች በጅብ ስም የሚያደርሱት ጥፋት ቀላል አይደለም። ለጉርብትና ሲባል ብዙ ሰው ይህን መናገር አይወድም፤ መነገር ግን አለበት።

ዱካም ያግዛል። የነብር ዱካ ክብ ሆኖ የጥፍር ምልክት አይታይበትም፤ የመዳፉ የኋላ ጠርዝ ሦስት ጉብታ አለው። በጅብና በውሻ ዱካ ላይ ጥፍር ይታያል፤ የጅብ የፊት እግር ዱካ ግን ከኋላው ጎልቶ ይሰፋል። ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣ ኩስ በአካባቢው ካለ የጅብ መመላለሻ መሆኑን ያሳያል፤ የሚነጣውም ከበላው አጥንት በሚገኘው ካልሲየም ምክንያት ነው።

ሕጉን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ወንጀል አድርጎታል። በጉ የተበላበት ሰው ብሶቱ እውነተኛ ቢሆንም ብሶት ፈቃድ አይሆንም። መንገዱ ለቀበሌና ለወረዳ ማመልከት ነው፤ ጉዳዩ የሚመለከተው አካል መጥቶ አይቶ የሚወስነው ውሳኔ ነው ወጥመድ የሚያስዘረጋው። አውሬ ሰው ላይ ወጥቶ ነፍስን ለማትረፍ የሚደረግ መከላከል ከዚህ የተለየ መሆኑን ሁሉም ይረዳዋል።

ወደ ወጥመዱ ስንመጣ፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው ጥያቄ «ይይዛል ወይ?» የሚለው አይደለም፤ ሁሉም ይይዛል። ጥያቄው ማንን ይይዛል፣ የያዘውንስ እስከ ስንት ሰዓት በምን ሁኔታ ያቆየዋል የሚለው ነው። አሽክላና የሽቦ ወጥመድ ርካሽ ስለሆነ ይዘወተራል፤ ነገር ግን በሚያልፍበት ሁሉ ላይ ይጠብቃል እንጂ አይመርጥም። ውሻ፣ ጥጃ፣ አህያ፣ ማገዶ ለቀማ የወጣ ሕፃን ለእሱ አንድ ነው። እንስሳው በታገለ ቁጥር ሽቦው ይጠብቃል፤ በጥሶት ከሄደም ሽቦውን በአንገቱ ወይም በእግሩ እንደያዘ ሥጋው እየተቆረጠ ለሳምንታት ይሰቃያል። እንዲህ የቆሰለ ነብር ወይም ጅብ ድኩላም ሆነ ሚዳቋ ማሳደድ ስለሚያቅተው በቀላሉ ወደሚያዘው፣ ማለትም ወደ በረት፣ ይመለሳል። ስለዚህ የሽቦ ወጥመድ ያልነበረን ችግር ይፈጥራል ማለት ይቻላል።

እግር የሚነክሰው ባለ መንጋጋ የብረት ወጥመድም ከዚህ እምብዛም አይሻልም። የተያዘው እግር ያብጣል፤ እንስሳው ብረቱን ሲነክስ ክራንቻው ይሰበራል፤ አጥንቱ ሊሰበር፣ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነቱን ወጥመድ የሚከለክለውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣ ሲሆን ክልከላው ከ1995 ጀምሮ ተፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ኅብረቱ ከካናዳና ከሩሲያ ጋር በተስማማበት የሰብአዊ አጠማመድ መለኪያ መሠረት፣ ለመግደል የተሠራ ወጥመድ በስምምነቱ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹን ዝርያዎች ቢበዛ በ300 ሰከንድ ውስጥ ራሳቸውን እንዲስቱ ማድረግ አለበት። ይህ ማለት 5 ደቂቃ ነው። እኔ 5 ደቂቃ ረጅም ነው ባይ ነኝ፤ ሆኖም ማታ ተይዞ እስከ ረፋድ ድረስ በሽቦ ሲቃትት ከሚያድር እንስሳ አንጻር ሲታይ፣ ቢያንስ የሥቃይ ጊዜ ሊለካና ሊገደብ የሚገባው ነገር መሆኑ በሕግ ታውቋል።

የጉድጓድ ወጥመድ ደግሞ በተለይ በሰው መተላለፊያ አቅራቢያ ፈጽሞ መቆፈር የለበትም። ለወራት ተረስቶ፣ ሣር በቅሎበት፣ ሰውና ከብት የሚገባበት ጉድጓድ የቆፈረው ሰው ከአውሬው የከፋ አደጋ ትቶ ሄዷል።

የሚሻለው በፍርግርግ የተሠራ፣ በሩ ከላይ የሚወርድ ሣጥን መሰል ወጥመድ ነው፤ እሱም ቢሆን በዕውቀት ካልተሠራ ይጎዳል። ስፋቱ እንስሳው ዞሮ ሊተኛ የሚችልበት መሆን አለበት። የፍርግርጉ ቀዳዳ ጠባብ ካልሆነ እንስሳው ብረቱን በአፉ ይዞ ጥርሱን ይሰብራል፤ የፍርግርጉ የተቆረጡ ጫፎች ወደ ውስጥ ከዞሩ ፊቱንና መዳፉን ይቦጫጭቁታል። ወለሉ በአፈርና በሣር ይሸፈናል፤ ማባበያው ከመርገጫው ሰሌዳ በስተኋላ፣ በሩቁ ጫፍ ይታሰራል፤ ከውጭ በኩል እጅ ወይም አፍ ሊደርስበት አይገባም። ነብር ወደ ገደለው መመለስ ስለሚወድ ከሁሉ የተሻለው ማባበያ ራሱ የገደለው በግ ቅሪት ነው፤ በመሆኑም በሕይወት ያለች ፍየል አስሮ ሌሊቱን ሙሉ በፍርሃት ስትጮህ ማሳደር ጭካኔ ከመሆኑም በላይ አያስፈልግም። ወጥመዱ ከጥላ ሥር ይቀመጣል። በደሴ ብርድ ውስጥ ችግሩ እምብዛም ላይታይ ይችላል፤ በኮምቦልቻ ቆላማ ዳርቻ ግን ብረት ሣጥን ውስጥ ያለ እንስሳ ፀሐይ ሲበረታበት በሙቀት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ማየት ግዴታ ነው፤ ጎህ ሲቀድ መሄድ የማይችል ሰው በዚያ ምሽት ወጥመዱን ባይዘረጋ ይሻላል። የተያዘው እንስሳ እንዲረጋጋ ከሩቅ በረዥም እንጨት ሸራ ይለበስለታል፤ ሰው ተሰብስቦ እያየ የሚጮህበት ትዕይንት አይደረግም።

ወጥመድ ከመዘርጋቱ በፊት መልስ የሚሻው ሌላው ነገር፣ ያልተፈለገ እንስሳ ቢያዝ እንዴት ይለቀቃል የሚለው ነው። በሩን ከሩቅ በገመድ ስቦ የሚከፍት መላ ቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ አነር ወይም የጎረቤት ውሻ የያዘው ሰው ፈርቶ ይገድለዋል። ጡቷ ያጋተ፣ ግልገሎቿን የምታጠባ እንስት ከተያዘች ደግሞ እሷን መግደል ጉድጓድ ውስጥ ያሉትን ልጆቿን በረሃብ መግደል ነው። ሩቅ ቦታ ወስዶ መልቀቅም እንደሚባለው ቀላል አይደለም፤ የተወሰደ ነብር ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል፣ ወይም በማያውቀው ስፍራ የሌላውን ገበሬ በረት ይለምዳል። ችግሩን ለሌላ ወረዳ ማስተላለፍ ርኅራኄ አይባልም።

ከሁሉም የምቃወመው መርዝን ነው። በድን ላይ ተረጭቶ የሚጣል መርዝ ወይም ፀረ ተባይ ጅቡን ቢገድልም እዚያ አያበቃም። ውሻ ጅቡ ያስመለሰውን ይበላል፤ የጅቡን በድን ጥንብ አንሳ ይወርድበታል፤ ዝናብ ሲመጣ ቀሪው ወደ ወራጅ ውኃ፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ ወደ ቦርከና ወንዝ፣ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 በቦትስዋና አዳኞች መርዝ ካደረጉባቸው ሦስት የዝሆን በድኖች የበሉ 537 ጥንብ አንሳዎች በአንድ ጊዜ ሞተዋል። በአገራችን የሚገኙ አራት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተርታ ተመዝግበዋል፤ ከሚያጠፏቸው ምክንያቶች ዋነኛው መርዝ ነው። ጥንብ አንሳ ከሌለ በየገደሉ የተጣለ በድን ለውሻና ለጅብ ይተርፋል፤ ጅብን ለመቀነስ የተጣለ መርዝ የጅብን ድርሻ ያበዛል።

ጠመንጃን በተመለከተ፣ በቀድሞው ዘመን አንበሳ ወይም ነብር የጣለ አዳኝ ይፎክርና ይከበር እንደነበር የታወቀ ነው። ያ ዘመን ግዳይ በድፍረት የሚለካበት ነበር። ዛሬ ፈቃድ ባለው ሰው እጅ የሚተኮስ ጥይት በሌላ ነገር ይለካል፤ ተኳሹ የሚያየው እንስሳ የትኛው መሆኑን ለይቷል ወይ፣ ከእንስሳው በስተጀርባ ቤት ወይም መንገድ አለ ወይ፣ እንስሳው ቆሟል ወይስ ይሮጣል፣ አንዱ ጥይት ከፊት እግሩ ጀርባ ወደ ልብና ሳንባ ይገባል ወይ የሚሉት ናቸው መለኪያዎቹ። በባትሪ ብርሃን ሁለት ዓይን ብቻ አይቶ መተኮስ ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም፤ ዓይኑ የሚያበራው የጎረቤት አህያ ሊሆን ይችላል። ያቆሰለ ሰው ደግሞ ደሙን ተከትሎ የመጨረስ ግዴታ አለበት፤ የቆሰለ ነብር ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ የሚጠብቅ እጅግ አደገኛ አውሬ በመሆኑ ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ከመጀመሪያውም መተኮስ አልነበረበትም። ወሎ ውስጥ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም የሚሰጠው ትምህርት በዚህ ላይ አይለያይም። የሚያርድ ሰው ቢላዋውን እንዲስልና ከብቱን እንዳያሰቃይ፣ ሕይወት ያለውን ነገር የዒላማ መለማመጃ እንዳያደርግ በእስልምና ታዝዟል፤ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ በክርስትና ይነገራል።

ይህ ሁሉ ተጠብቆ አንድ ጅብ ቢገደልስ? ጅቦች በእንስቶች በሚመራ ማኅበር የሚኖሩ ናቸው፤ ወደ መንደር የሚያመጣቸው ምግብ እስካልተነሳ ድረስ የሞተውን ሌላው ይተካዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በትግራይ የተደረገ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ፀጉር ሲመረምሩ፣ በዓቢይ ጾም ወቅት የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ ከመቶ 15 ገደማ ወደ 33 ከፍ ብሎ፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ዝቅ ብሏል። ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የሚጣለው አጥንትና ቆዳ ስለሚቀንስ ጅቡ ወደ አህያ ዞሯል ማለት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሁለቱም እምነት ተከታዮች ከተሞች ስለሆኑ በጾም ወራት እርድ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ የምግቡ አመጣጥ ከትግራዩ የተለየ መሆን አለበት። መርሁ ግን ያው ነው፦ ጅብ የሚከተለው የሰውን ጥራጊ ነው። በዓረፋና በፋሲካ ሰሞን የሚጣለው አንጀትና ቆዳ፣ ከመንገድ ዳር ወደ ገደል የሚወረወረው የሞተ አህያ፣ ጅብን ወደ መንደር ጠርቶ ጠብ የሚያጭሩ ነገሮች ናቸው። በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ከየትኛውም ወጥመድ የበለጠ ይሠራል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ብዙው ገንዘብና ጉልበት የሚወጣው ከጥፋቱ በኋላ ነው። በረቱን ቀድሞ መሥራት ግን ይረክሳል። ጅብ ከሥር ስለሚቆፍርና በሩን ስለሚገፋ፣ የግድግዳው እግር በትላልቅ ድንጋዮች መነጠፍ፣ በሩም ወደ ውስጥ እንዳይከፈት ከውጭ በወፍራም መቀርቀሪያ መታሰር አለበት። ነብር ግን ስለሚዘል ግድግዳው የቱንም ያህል ቢጠነክር ጣሪያ ከሌለው ዋጋ የለውም፤ በግድግዳው ላይ የተደረደረ እሾህ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ፍየሎችን ለነብር የማዘጋጀት ያህል የሚሆነው ጣሪያ አልባ የድንጋይ ካብ ነው፤ ነብሩ ይገባል፣ ፍየሎቹ መውጫ የላቸውም።

በደቡብ ወሎ አንድ እንስሳ ለብቻው መጠቀስ አለበት፤ እሱም ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥር ከ500 በታች ነው፤ ከቀሩት መኖሪያዎቹ አንዱም የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ነው። ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ለደጋ ገብስ አምራች ወዳጁ ነው። ለበግ ቀበሮ ተብሎ የተዘረጋ አሽክላ እሱን ከያዘው የሚጠፋው ሊተካ የማይችል ነው። በባሌ ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ሲሆን የሚተላለፍበትም ከቤት ውሾች ነው። በዚህ ምክንያት በደጋው ያሉ ገበሬዎች ውሾቻቸውን ማስከተባቸው ለቀይ ቀበሮው መዳኛ፣ ለራሳቸው ልጆችም መከላከያ ነው። አውሬ ወይም ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

አንዳንዴ በድኑ ተፈትሾ፣ በረቱ ተጠናክሮ፣ ጥራጊው ተቀብሮ፣ ያው አንድ ነብር ደጋግሞ ይመጣል። ያኔ የሚመለከተው አካል ከወሰነ መግደል ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አልክድም፤ በግ ለገበሬ ቤት የልጅ ደብተርና የዓመት ልብስ ነው። ሥራው ግን ልምድ ላለውና ስሙ ለታወቀ ሰው ይሰጣል፤ የሚያዘው ዱካውና ንክሻው የታወቀው አንድ እንስሳ ብቻ ነው፤ ከተያዘ በኋላም ሳይውል በቅርብ በሚተኮስ አንድ ጥይት ይጨረሳል። ነብር በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ተርታ ያለ በመሆኑ ቆዳው ለገበያ አይቀርብም፤ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ወጥመዱም በዚያው ዕለት ይነሳል፤ ያጠመደው ሰውም ቦታውን ዞሮ ምንም ሽቦ፣ ማባበያም ሆነ ጉድጓድ አለመቅረቱን አይቶ ለቀበሌው ያሳውቃል።